ለሴንጢያችሁ ልክክ የሚል የቀበቶ አፎት እንዴት ይገኛል

ሴንጢዬ ሽንት ቤት ገባች። ታሪኩ በአጭሩ ይሄ ነው። ከሐዋሳ ወጣ ብሎ ያለ ዘመድ ቤት ለበዓል ሄደን፣ ሽንት ቤቱ የጉድጓድ ነው፣ ቁጢጥ ከማለቴ ቀበቶዬ ላይ የነበረው ቦርሳ ወደ ኋላ ተዘቀዘቀና ሴንጢዋ ሹልክ ብላ ወጣች። «ቸፍ» የሚል ድምፅ ብቻ ሰማሁ። ዘጠኝ ዓመት አብራኝ ኖራለች። ውጭ ደግሞ በጉ ተሰቅሎ «ሴንጢህን አምጣ እንጂ!» እያሉ ይጣራሉ። ምን ብዬ ልመልስ?

ጥፋቱ የእኔው ነው። ቦርሳው ለሞባይል የተሠራ ነበር፣ ስገዛው ያየሁት ደግሞ ርዝመቱን ብቻ። ሴንጢዋ ገባች፣ ክዳኑ ተዘጋ፣ ከፍዬ ወጣሁ። ውስጡ ግን ሁለት ሴንጢ የሚያስተኛ ቦታ ነበረው። ከዚያ ወዲህ ሦስት ገዝቻለሁ፣ ሁለት አሰፍቻለሁ፤ ከአምስቱ ዛሬ የማደርገው ሁለቱን ነው። ሌሎቹ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጠዋል።

ሴንጢ ስል የሚታጠፈውን ቢላ ማለቴ ነው፤ ስለቱ እጀታው ውስጥ የሚተኛውን። ቃሉ ሰፈር ውስጥ ጥሩ ስም እንደሌለው አውቃለሁ። እናቴ እስከ ዛሬ «ያንን ነገር ከወገብህ አውጣው» ትለኛለች። ግን ማንጎ የሚልጥ፣ ገመድ የሚቆርጥ፣ ካርቶን የሚከፍት ሰው ሁሉ ወንበዴ አይደለም። አፎት የሚለውንም ቃል ለጎራዴና ለጩቤ ስለለመድነው ለሴንጢ ሲባል ያስቃል፤ ይሁን፣ ሌላ የተሻለ ቃል የለንም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ሴንጢያችሁ ትንሽና ቀጭን ከሆነች አፎት አያስፈልጋችሁም። ኪስ ይበቃታል። አፎት የሚያስፈልገው ለከባዷና ለወፍራሟ ነው። ለምሳሌ ባክ 110 የሚባለው የአሜሪካ ሴንጢ፣ እጀታው ጫፍና ጫፉ ነሐስ የሆነው፣ ብቻውን 200 ግራም ገደማ ይመዝናል። እሱን ሱሪ ኪስ ውስጥ ይዞ መዋል ሱሪውን ወደ አንድ ጎን ማዝመም ነው። ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ሲጋጭ ይጫጫራል፣ የኪሱንም ጨርቅ ይበሳል። ባክ እንዲያውም ከቆዳ አፎቱ ጋር ነው የሚሸጠው። ችግሩ እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ሴንጢው ብቻውን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ነው የሚደርሰን፤ አፎቱ የት እንደቀረ አምላክ ይወቅ።

መጀመሪያ ውፍረቱን ለኩ

ርዝመት አይደለም ያልኩት። ውፍረት።

አብዛኛው ሰው፣ ሻጩም ጭምር፣ ስለ አፎት ሲያወራ በርዝመት ነው። ይሄ እንዴት እንደሚሸውድ ላሳያችሁ። ቪክቶሪኖክስ የሚባለውን ቀዩን የስዊስ ሴንጢ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከሞዴሎቹ ብዙዎቹ ሲታጠፉ ርዝመታቸው እኩል 91 ሚሊ ሜትር ነው። ስፓርታን የሚባለው ግን ውፍረቱ 15 ሚሊ ሜትር፣ ሃንትስማን 21፣ ስዊስ ቻምፕ ደግሞ 33 ነው። ርዝመታቸው አንድ፣ ውፍረታቸው ከእጥፍ በላይ ይለያያል። «ለ91 የሚሆን» ተብሎ የተሸጠላችሁ አፎት ለስዊስ ቻምፕ ከተሰፋ፣ ስፓርታኑ ውስጡ እንደ ቃጭል ይንቀጫቀጫል።

ስለዚህ ሴንጢውን አጥፉና ሦስት ነገር ለኩ፦ ርዝመት፣ ወርድ፣ ውፍረት። ሁሉንም በጣም ሰፊ በሆነው ቦታ ላይ። እጀታው መሃሉ ላይ ቀጭን ሆኖ ጫፉ ላይ የሚያብጥ ከሆነ ያበጠውን ያዙ። በአውራ ጣት የሚገፋ ጉጥ ካለው ጉጡን ጨምራችሁ ለኩ። የኪስ ክሊፕ ካለው ደግሞ መጀመሪያ ክሊፑን አውልቁ፤ ቀበቶ ላይ ለሚውል ሴንጢ ክሊፕ ጥቅም የለውም፣ የአፎቱን አፍ እየፋቀ ያበላሸዋል። ብሎኖቹ ብዙ ጊዜ ትንንሽ ባለ ኮከብ ራስ ናቸው፣ የቤት ካቻቢቴ አይፈታቸውም። ሞባይል ጠጋኝ ጋ ሂዱ። እነሱ ጋ ልኩ አይጠፋም፣ ሁለት ደቂቃም አይፈጅ። ብሎኖቹን ግን ተቀብላችሁ በወረቀት ጠቅልሉ።

ካሊፐር የሚባለው የውፍረት መለኪያ ከሌላችሁ፣ የላችሁም መቼስ፣ ሴንጢውን ጠረጴዛ ላይ በጀርባው አቁማችሁ ግራና ቀኙን ሁለት የክብሪት ቀፎ አስጠጉ። ቀስ ብላችሁ ሴንጢውን ወደ ላይ መዝዛችሁ አውጡና በሁለቱ ቀፎዎች መሃል የቀረውን ክፍተት በማስመሪያ ለኩ። ውፍረታችሁ እሱ ነው።

አሁን ዋናው ሒሳብ። አንድ ጠባብ ወረቀት ቆርጣችሁ ሴንጢው በጣም በሚወፍርበት ቦታ ላይ ዙሪያውን ጠምጥሙት፣ የተገናኘበት ላይ ምልክት አድርጉ፣ ዘርግታችሁ ለኩና ለሁለት አካፍሉ። የሚመጣው ቁጥር ባዶው አፎት ጠረጴዛ ላይ ጠፍጥፎ ሲተኛ ውስጡ ሊኖረው የሚገባው ስፋት ነው፣ ከስፌት እስከ ስፌት። ወርዱ 2.6፣ ውፍረቱ 2.1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሴንጢ ብትይዙ፣ ሁለቱ ሲደመሩ 4.7 ነው። ማዕዘኖቹ ክብ ስለሚሆኑ ወረቀቱ ትንሽ ዝቅ አድርጎ 4.4 ወይም 4.5 ይሰጣችኋል። ቆዳው ወፈር ያለ ከሆነ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ጨምሩበት። ከዚህ ሌላ ነገር አትጨምሩ። «ትንሽ ሰፋ ይበል» የሚል ሰው ይመጣል፤ አትስሙት። ቆዳ በራሱ ጊዜ ይሰፋል።

እጀታው እንጨት ከሆነ አንድ ጥንቃቄ አለ። የፈረንሳዩ ኦፒኔል 8 ቁጥር፣ ስለቱ 8.5 ሴንቲ ሜትር የሆነው፣ እጀታው ሙሉ እንጨት ነው። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። ስለዚህ ሴንጢው ደረቅ ሆኖ የለካችሁት ልክ ከታጠበ በኋላ ላይገባ ይችላል። ለእሱ 1 ሚሊ ሜትር ብትጨምሩ አልከራከርም። ማዕዘን የሌለው ክብ እጀታ ስለሆነ በወረቀቱ ብቻ ተማመኑ፣ ወርድና ውፍረት መደመሩን ተዉት።

ቀበቶውንም ለኩ

ይሄ አጭር ነው። የጂንስ ቀበቶ ብዙውን ጊዜ ከ3.5 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ወርድ አለው፣ የሙሉ ልብስ ቀበቶ 3 አካባቢ ነው። የአፎቱ ማንጠልጠያ ከቀበቶው በ3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይብለጥ። ከዚያ በላይ ከሰፋ አፎቱ ቀበቶው ላይ ይወዛወዛል፣ ስትቀመጡ ይዘቀዘቃል። የእኔዋ ሴንጢ የሄደችው በዚህ ነው፤ ማንጠልጠያው ለወታደር ቀበቶ የተሰፋ ይመስል ነበር። በምትቀያይሩት ቀበቶ ልክ ሳይሆን ሁልጊዜ በምትታጠቁት ልክ ያዙ። ስስና ልፍስፍስ ቀበቶ ካላችሁ ደግሞ አፎቱን ትታችሁ መጀመሪያ ቀበቶ ግዙ።

ገበያ ስትወጡ ሴንጢውን ቤት ተዉት

እዚህ ላይ አንድ ዘዴ አለኝ፣ እኮራበታለሁ። ሱቅ ገብቶ ሴንጢ ከኪስ መምዘዝ ምን እንደሚመስል አስቡት። ባለሱቁ ይደነግጣል፣ አጠገቡ ያለው ሰው ወደ ኋላ ይላል፣ ማስረዳት ስትጀምሩ ደግሞ ይብስባችኋል። እኔ አንድ አናጺ ጋ ሄጄ ከትርፍራፊ ጣውላ የሴንጢዋን ልክ አስቆረጥኩ። ርዝመት፣ ወርድ፣ ውፍረት፣ ማዕዘኖቹን በብርጭቆ ወረቀት ክብ አድርጎ። አናጺው ሳቀብኝ፣ «የልጅ መጫወቻ ነው?» አለ። ይቺ እንጨት ግን የትም ሱቅ ገብታ ማንንም አታስደነግጥም። በኋላ አፎት ስታሰፉም ትጠቅማችኋለች፤ እመለስበታለሁ።

እንጨቷን ይዛችሁ ዙሩ። «የሴንጢ አፎት አለ?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ የለም ነው መልሱ። ለሌላ ነገር የተሠራውን ፈልጉ። የድሮ ወፍራም ሞባይሎች የቀበቶ ቦርሳ፣ የእጅ ባትሪ ማንጠልጠያ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የመሣሪያ ኪስ፣ የሜትር ማንጠልጠያ፣ ሳልቫጅ ተራ ላይ ከቦርሳዎች ጋር ተዘበራርቆ የሚመጣው ነገር ሁሉ። እኔ የምወደው ናይለኑን አፎቴን ያገኘሁት ሳልቫጅ ላይ ከሕፃን ልጅ ቦርሳዎች ሥር ነው። የምን እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅኩም። እንጨቷን ስከታት ግን ልክክ አለች፤ ሳልከራከር ከፈልኩ። ዋጋ አልጽፍላችሁም፣ ዛሬ የጻፍኩት ለሚቀጥለው ወር አይሆንም።

ሱቅ ውስጥ የሚደረግ ፈተና ይሄ ነው። እንጨቷን ክተቱ፣ ክዳኑን ክፍት ተዉት፣ አፎቱን ገልብጣችሁ ነቅንቁ። ከወደቀች ተዉት። «ክዳን አለው እኮ» ይላችኋል ሻጩ። ክዳን ሁለተኛ መቆለፊያ ነው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም፤ ሴንጢውን መያዝ ያለበት የአፎቱ ጎን ነው። ቬልክሮ ከሆነማ፣ ያ ጠርርር የሚለው፣ አቧራና ክር ሲጠግብ መያዙን ያቆማል። ጠቅ የሚል የብረት ቁልፍ ይሻላል። እሱም ቢሆን ጀርባው በኩል ባዶ ብረቱ ከታየ እጀታውን ይጭራል፣ ውስጡን በጣታችሁ ዳብሱ።

ቀጥሎ በአንድ እጅ አውጧት። ሁለት እጅ ከጠየቀች ጠብቃለች። ክዳን ለሌለው አፎት ከ1.5 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከአፉ በላይ ብቅ ማለት አለባት፣ ጣት የሚይዘው እንዲኖር። ክዳን ላለው ግን ሙሉ በሙሉ ትግባ። መጨረሻ ላይ ቀበቷችሁ ላይ አስገብታችሁ እዚያው ሱቁ ውስጥ ቁጢጥ በሉ። አትፈሩ፣ ባለሱቁ ምን አገባው። እኔ ይህን ፈተና ባለማድረጌ የደረሰብኝን ታውቃላችሁ።

ካልተገኘ ማሰፋት ነው

እውነቱን ልናገር፣ ከተሰፋ የሚሻል የለም። የአፋር ሰው ጊሌውን ወገቡ ላይ ሲታጠቅ አፎቱን ከሱቅ መርጦ አይደለም፤ አፎቱ ለዚያው ጊሌ ነው የሚሠራው። የእኛም ሴንጢ መብቷ ነው።

ጫማ ሰፊ ፈልጉ፣ በተለይ ቦርሳና ቀበቶም የሚጠግን። እኔ ያገኘኋቸው መናኸሪያ አካባቢ ዣንጥላ ሥር የሚቀመጡ ሽማግሌ ናቸው። «ጋሼ፣ ለዚች አፎት ይሰፉልኛል?» ብዬ እንጨቷን ሰጠኋቸው።

ገልበጥ ገልበጥ አደረጓት። «ለእንጨት አፎት?»

«የሴንጢ ልክ ናት።»

«እንደሱ አትልም ታዲያ!» አሉና ካርቶን ላይ አስቀምጠው በእርሳስ ዙሪያዋን መሳል ጀመሩ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚበላሸው። ዙሪያዋን ስለው በዚያው ቢቆርጡት አፎቱ ወርዷን እንጂ ውፍረቷን አይይዝም፣ ማስገባት አይቻልም። ወረቀቴን አውጥቼ «ጋሼ፣ ከስፌት እስከ ስፌት ይቺን ታህል ትሁን፣ ከስፌቱ ውጭ ደግሞ በየጎኑ 7 ሚሊ ሜትር ይተዉልኝ» አልኳቸው። መጀመሪያ አላመኑኝም። «ይሰፋብሃል ልጄ» አሉ። ከብስኩት ካርቶን ቆርጠን በስቴፕለር ሞከርነው። እንጨቷ ስትገባ ካርቶኑ ሆዱን ነፋ አድርጎ ያዛት። «አሃ» አሉ። ከዚያ በኋላ እኔ ዝም አልኩ፣ ሥራው የእሳቸው ነው።

የካርቶኑን ሙከራ አትዝለሉ። ካርቶን ቢበላሽ ምንም አይደለም፣ ቆዳ አንዴ ከተቆረጠ ግን አለቀ።

ሴንጢያችሁ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከወፈረች ሁለት ቆዳ ፊትና ኋላ መስፋት አይበቃም፣ ሆዱ በጣም ይነፋል። በመሃል የጎን ቆዳ ይግባበት። የጎኑ ስፋት እንደ ሴንጢው ውፍረት ሆኖ፣ ፊቱና ኋላው ደግሞ እንደ ወርዱ፤ በዚህ ጊዜ ከላይ ያለውን ሒሳብ እርሱት፣ ሣጥን ነው የምትሠሩት። ለስፌቱ ግን በየጠርዙ ቦታ መተው አትርሱ።

ስለ ቆዳው

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ አፎት ማለት ቆዳው ነውና።

የበግና የፍየል ቆዳ ለጓንትና ለጃኬት ይሆናል፤ ስስ ነው፣ ለአፎት ይልፈሰፈሳል። የበሬ ወይም የላም ቆዳ ነው የምትፈልጉት፣ ውፍረቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ። ከዚያ ደግሞ እንዴት እንደለፋ ጠይቁ። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ቆዳ አብዛኛው ክሮም በሚባል ኬሚካል የለፋ ነው። ለስላሳ ነው፣ ውሃ ይችላል፣ ግን ቅርጽ አይይዝም። በዕፅዋት የለፋው ጠንከር ይላል፣ ሲረጥብ እንደ ሊጥ ይታዘዛል፣ ሲደርቅ በያዘው ቅርጽ ይቀራል። ለአፎት እሱ ነው። የሚለየው በጠርዙ ነው፦ የተቆረጠውን ጎን እዩት፣ መሃሉ ግራጫ ወይም ሰማያዊ ቢጤ ከሆነ ክሮም ነው፤ ቡናማ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የዕፅዋት ነው። ቀለም የተነከረ እንደሆነ ግን ይሄ ይሸውዳል፣ ስለዚህ የውሃ ጠብታ ጨምሩበት። ጠብታው ፈጥኖ ከሰረገና ቦታው ከጠቆረ ጥሩ ምልክት ነው። ላዩ ላይ እንደ ዶቃ ከቆመ ተዉት።

ጫማ ሰፊው እንዲህ ያለ ቆዳ ላይኖረው ይችላል። የሶል ቆዳ ካለው ጠይቁት፣ የቆየው ዓይነት ብዙ ጊዜ በዕፅዋት የለፋ ነው፣ ከወፈረ በቢላ ይሳሳል። ወይም ቤታችሁ ያለ አሮጌ ሰፊ የቆዳ ቀበቶ ወይም የተቀደደ የቆዳ ቦርሳ ይዛችሁ ሂዱ። የእኔ ሁለተኛው አፎት የአባቴ ቦርሳ ነበር። ማንጠልጠያው ደግሞ የቦርሳው ማንገቻ።

ስፌቱ በሁለት መርፌ ይሁን። አንድ ክር፣ ጫፍና ጫፉ ላይ መርፌ፣ ሁለቱም በአንዱ ቀዳዳ ግራና ቀኝ እየተላለፉ። አንድ ቦታ ቢበጠስ ሌላው ይይዘዋል። በመኪና የተሰፋው አንዴ ከተበጠሰ ይተረተራል። ክሩ ወፍራም ናይለን ሆኖ ሰም ቢቀባ ጥሩ ነው፤ በወስፌ የተበሳው ቀዳዳ ውስጥ ጠበቅ ይላል። ማስቲሽ ከስፌቱ በፊት ጠርዙን ለመያዝ ያህል ብቻ ነው፣ ብቻውን አፎት አይይዝም። «ማስቲሹ ይበቃዋል» የሚል ሰፊ ከገጠማችሁ አመስግናችሁ ሂዱ።

ቅርጽ ማስያዝ

ስፌቱ ካለቀ በኋላ በዕፅዋት የለፋውን ቆዳ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ንከሩት። አረፋ ማውጣቱን ሲያቆም አውጡት፣ ጨመቅ አታድርጉት። እንጨቷን በፌስታል ጠቅልላችሁ ክተቱ፤ በሁለት ድርብ ፌስታል ነው የምጠቀልላት፣ ትርፉ ድርብ ሴንጢዋ በኋላ ሳትጣበቅ እንድትወጣ ትንሽ ክፍተት ይሰጣታል። እንጨት ካላስቆረጣችሁ ሴንጢውን ራሱን ዘይት ቀብታችሁ ጠቅልሉት፣ ግን እርጥብ ቆዳ ውስጥ ብረት ማሳደር አልወድም።

አሁን በአውራ ጣታችሁ ከጠርዝ ወደ መሃል እየገፋችሁ ጠርዙን አውጡ። በጥፍር አትንኩት፣ እርጥብ ቆዳ ላይ የተጫረ አይጠፋም። የሾርባ ማንኪያ ጀርባ ጥሩ ነው። ከዚያ ጥላ ውስጥ፣ አየር በሚገባበት፣ አንድ ቀን ሙሉ። ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ ካውያ አታስጠጉት፣ ከሰል አጠገብም አታድርጉት፤ ይቋጠራል ወይም ይሰነጠቃል። እኔ የቸኮልኩበት የመጀመሪያው አፎት ሆዱ ላይ እስከ ዛሬ መጨማደድ አለው።

ሲደርቅ ሴንጢውን ክተቱ። ጠበቅ ካለ ደስ ይበላችሁ፣ በሳምንት ውስጥ ይላመዳል። በጣም ከጠበቀ ሴንጢውን በሌላ ድርብ ፌስታል ጠቅልላችሁ አፎቱ ውስጥ አሳድሩት፣ ሁለት ሌሊት ቢበዛ። ከላላ ደግሞ ውጩን ብቻ አርጥቡና እንደገና ጫኑት። አሁንም ከላላ ስስ ቆዳ ቆርጣችሁ በጀርባው በኩል ውስጡ ለጥፉ፤ አያምርም፣ ይሠራል።

በየት በኩል ትግባ፣ የትስ ትንጠልጠል

የታጠፈ ሴንጢ የስለቱ ሹል ጫፍ የሚያርፈው ከማጠፊያው በተቃራኒ ባለው የእጀታው ጫፍ ነው። ያንን ጫፍ ወደ አፎቱ ወለል አድርጉት፣ ማጠፊያው ወደ ላይ። ሞላው የደከመ አሮጌ ሴንጢ ከሆነ ስለቱ ከላይ በኩል ተከፍቶ ጣት የሚጠብቅበት ዕድል አይኖርም። ኦፒኔል ከሆነ የብረት ቀለበቱን ዘግታችሁ ክተቱት፣ ስለቱን ሲከፈት ብቻ ሳይሆን ሲታጠፍም ይቆልፈዋል።

ቦታው፣ በምትሠሩበት እጅ በኩል ከዳሌ አጥንት ትንሽ ወደ ኋላ። ፊት ለፊት ካደረጋችሁት ስትቀመጡ ሆድ ይወጋል፣ መሃል ጀርባ ላይ ደግሞ ወንበር ላይ ትደገፉበታላችሁ። ሐዋሳ ሰው ብስክሌት ይወዳል። ለብስክሌት ረጅም ተንጠልጣይ አፎት አይሆንም፣ ጭን በተነሳ ቁጥር ይመታዋል፤ ቀበቶው ላይ ከፍ ብሎ የሚቀመጥ ወይም አግድም የሚተኛ ይሻላል። ባጃጅ የሚነዳ ጓደኛዬ በግራ በኩል አግድም አድርጎ በቀኝ እጁ ነው የሚመዘው፤ ሲቀመጥ አይጨንቀውም።

ሸሚዙን ከላይ ጣል አድርጉበት። ደብቁ ማለቴ አይደለም፣ ግን የሰው ዓይን ባያርፍበት ይመረጣል። ፍተሻ ያለበት ቦታ፣ መናኸሪያ፣ ስታዲየም፣ ስብሰባ፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ይዛችሁ አትሂዱ። አውሮፕላን የምትሳፈሩ ከሆነ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይግባ፣ በእጅ ቦርሳ ይወሰድባችኋል። እኔ አንዷን በዚህ አጥቻለሁ፣ እሷ እንኳ ንጹሕ ቦታ ነው የቀረችው።

አሞራ ገደል ዓሣ የምትበልቱ

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ፣ ቆሮሶ ገዝታችሁ እዚያው በሴንጢ የምታጸዱ ከሆነ፣ እርጥብ ሴንጢ ወደ ቆዳ አፎት መመለስ ነውር ነው። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ብረቱ ይዝጋል፣ ነሐሱ አረንጓዴ ያወጣል፣ አፎቱ ደግሞ ዓሣ ዓሣ ይሸታችኋል፣ ለወራት። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ራሳቸው ወገባችሁን እያዩ ይከተሏችኋል። ለዓሣ ቀን የናይለኑን አድርጉ፣ እሱ በሳሙና ይታጠባል። የቆዳው ብቻ ካላችሁ ሴንጢውን አጥባችሁ፣ ከፍታችሁ፣ ማጠፊያው ድረስ አድርቃችሁ፣ ቤት እስክትደርሱ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ኪስ ውስጥ ያዙት።

ማታ ማታ ሴንጢውን ከአፎቱ አውጡት። ለብዙ ጊዜ የማትይዙት ከሆነ ለየብቻ አስቀምጡ። ቆዳው ሲደርቅ ጥቂት የጫማ ቀለም ወይም ሰም ቀቡት፤ ቅባት አታብዙ፣ ይለሰልስና የያዘውን ቅርጽ ይለቃል። በየሁለት ወሩ ማንጠልጠያውን ገልብጣችሁ ስፌቱን እዩ፣ መጀመሪያ የሚበጠሰው እዚያ ነው። አንድ ክር ብቅ ካለ ዛሬ ነገ ሳትሉ ወደ ዣንጥላው ሥር። ባለፈው እኔ ስሄድ ጋሼ ገና ከሩቅ አይተውኝ «እንጨቱ ደህና ነው?» አሉኝ።